ነጭ የተቀባው የጎረቤት ግድግዳ

ጅጅጋ ያለው የወላጆቼ ቤት ደህና መስኮቱ አንድ ነው፤ እሱም ወደ ጎረቤት ግቢ ያያል። አባቴ አጥሩ ሥር መስኮቱን ያወጣው የዚያን ግቢ ሽማግሌ በቃል አስፈቅዶ ነው። ሁለቱም ዛሬ የሉም። እናቴ የስፌት መኪናዋን እዚያ መስኮት ሥር አስቀምጣ አሳድጋናለች። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ በአምፖል መርፌ አይታያትም፤ የቀን ብርሃን ካላገኘች ሥራ የለም።

የሽማግሌው ልጅ ፎቅ ሊጀምር ሲል በግ አርዶ ሰፈሩን ጠራ። በሶማሊኛ እናቴን «ሆዮ»፣ እማዬ፣ እያለ ነው ያደገው። ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ሌላ በግ ለይቶ በእኛው ሰው አሳረደልን። ዱዓ ሲደረግ አሜን አልን። እናቴም «ወደ ላይ ያውጣልህ» ብላ መረቀችው። ግድግዳው በየት በኩል እንደሚቆም የጠየቀ አልነበረም። ምርቃቷ ደረሰ፣ ወደ ላይ ወጣ።

ብሎኬቱ መስኮታችንን መጋረድ ሲጀምር ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ባለሙያው በትሕትና አስረዳኝ። መስኮት የሌለው ግድግዳ ወሰን ላይ መቆም ይችላል፤ ወደ ጎረቤት የሚያይ መስኮት ግን ከወሰኑ መራቅ ነበረበት። ከሳሽ ሆኜ ገብቼ ጥፋተኛ ሆኜ ወጣሁ። የአባቴን ስምምነት ባነሳ ወረቀት አለ ወይ አለኝ። በዚያ ዘመን ጎረቤቱን ወረቀት አምጣ የሚል ሰው ቢኖር የሰፈር መሳቂያ ይሆን እንደነበር ለማን ልንገር?

የሰፈሩን ሽማግሌዎች አነጋግሩልኝ ብዬ ለመንኩ። እነሱም ያን ዕለት አብረውን የበሉ ናቸው።

«ለእናንተ ብሎ ለብቻ አሳርዶ፣ እናትህ መርቃው፣ ዛሬ አፍርስ ትለዋለህ?» አለኝ አንደኛው።

ጎረቤታችን ባለጌ ቢሆን እንኳ ተጣልቼው ይወጣልኝ ነበር። ጨዋ ነው፤ ንዴቴን የማሳርፍበት ቦታ ነሳኝ።

መክሰሴን ሰምቶ ራሱ መጣ። «ሆዮ፣ ጨለመብሽ አሉኝ» አላት፣ አንገቱን ደፍቶ። በማግስቱ ሠራተኛ ልኮ ከመስኮታችን ፊት ያለውን ግድግዳ ነጭ ቀለም አስቀባልን። ብርሃን ይመልሳል ብሎ ነው። እናቴ ከልቧ ደስ አላት፤ እንደገና መረቀችው።

ሠራተኛው ሲሄድ ቁልፍ ልትተክል ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ክሩን በምራቋ አርጥባ፣ ፊቷን ወደ ነጩ ግድግዳ አዙራ፣ ከመርፌው ጋር ብዙ ታገለች። ከዚያ መርፌውንም ክሩንም ወደ እኔ ዘረጋችልኝ።