ጆሮዬና የአባቴ ባና

ባለፈው ክረምት የቤቴ ጣሪያ አፈሰሰና የአባቴን ባና ከነሣጥኑ አራሰው። ላሰጣው ስዘረጋው ቤቱ በረጠበ በግ ሽታ ተሞላ፤ ሚስቴ አፍንጫዋን ይዛ ወጣች፣ እኔ ግን እንደ ሞኝ ፊቴን ቀብሬበት ቀረሁ። ባና በመንዝ በግ ፀጉር የሚሸመን ድርብ ልብስ ነው፤ የአባቴ ደግሞ በሬ ቢያለብሱት በሬው ተንበርክኮ ምሕረት የሚለምንበት ዓይነት ነበር። ምን ይደረግ፣ በእኛ አገር በሐምሌ ፀሐይ ራሷ ጋቢ ደርባ ነው የምትወጣው፤ ያውም ከወጣች።

እናትና አባቴ የተፋቱት በእንዲያ ያለ ሐምሌ ነው። በጉንም በሬውንም ያለ ጭቅጭቅ ተካፈሉና የማልከፈል እኔ ብቻ ቀረሁ። እናቴ ሞላሌ ወላጆቿ ዘንድ ገብታ «ልጄን» ስትል፣ አባቴም በዘመሮ መንገድ ካለው ቤታችን ሆኖ «ልጄን» ሲል፣ ነገሩ ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ቀረበ። ሰብሳቢው ግራዝማች ሽፈራው መሐል ሜዳ ወርደው አዲሱን ሕግ ሰምተው መጥተው ነበር፤ አምስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከእናቱ አይነጠልም። ታዲያ ዕድሜዬን ማን ይወቅ? አባቴ «በረዶ ገብሱን ባወደመው ዓመት የተወለደ ነው፤ አምስትን ካለፈ ቆየ» ይላል። እናቴ «በረዶ ገብስ ያላወደመበትን ዓመት ንገረኛ» ትላለች።

ግራዝማች አሰቡ አሰቡና ልጅ ትምህርት ቤት ሲመዘገብ የሚደረገውን አመጡ። እጄን በአናቴ ላይ አሻግሬ በወዲያ በኩል ያለውን ጆሮዬን ከያዝኩ አምስትን ዘልያለሁ፤ ለአባቴ። ካልያዝኩ ለእናቴ። አባቴ ፈገግ አለ። ተማሪ ቤት ሊያስገባኝ ጓጉቶ ሲያለማምደኝ ስለ ከረመ፣ ጆሮዬን መያዝ ቀርቶ እንደ ሙክት ልጎትተው እችል ነበር።

ግን ጠዋት ሲያመጣኝ ያካፋ ነበርና ያንን ባና አጣጥፎ ጠቅልሎ፣ ደረቴ ላይ በልጥ ቋጥሮልኛል። ልጅ መሆኔ የሚታወቀው ብቅ ባለችው አፍንጫዬ ብቻ ነው። ክንዴን ባነሳ ባነሳ ከአናቴ አላልፍ አለ።

«ባናውን አውልቁለት እንጂ» አሉ ግራዝማች።

እናቴ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ መሬት መሬት ታያለች። የአባቴ እጅ ቋጠሮው ላይ ደረሰ። በዚህ መሐል አሳለኝ። እጁ እዚያው ቆመ።

«ተዉት ግራዝማች፣ ይበርደዋል።»

«አንተ ሰውዬ፣ በገዛ ባናህ ልትረታ?»

«ሲያስለው ነው የከረመ» አለ አባቴ ቋጠሮውን እያጠበቀ። «አልደረሰም በሉት።»

አልደረሰም ተባለና ለእናቴ ተፈረደላት። አባቴ ባናውን እላዬ ላይ ትቶ በስስ ኩታ ብቻ ዝናቡን ገባበት፤ እናቴ ረትታ ሳለ እስኪሰወር ድረስ ስታየው ቆየች፣ ከዚያ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ወዲያ በየገበያው ቀን ሞላሌ ይመጣ ነበር። ሲያገኘኝ ጆሮዬን ቆንጠጥ አድርጎ «አሁንስ ደረስክ?» ይለኛል፤ እኔም «ገና ነኝ» እለዋለሁ፣ ጢም ካበቀልኩም በኋላ ሳይቀር።

ዛሬ ሁለቱም የሉም። ባናው ሲደርቅ እላዬ ላይ ደረብኩት፤ ሚስቴ እንዳታየኝ በሩን ዘግቼ እጄን በአናቴ ላይ አሻገርኩ። ጆሮዬን ያዝኩት። ደርሻለሁ ማለት ነው። «ተዉት፣ ይበርደዋል» የሚል ግን ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም።