ወደ ላሊበላ የተጫነ አቡጀዲ

ደሴ፣ ማለዳ

ከደሴ የተነሳሁት ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ አንድ ጥቅል ወርደ ሰፊ አቡጀዲ ይዤ ነው። መንገደኛው ጨርቁ ነው፤ እኔ ተሸካሚው ነኝ። ላሊበላ ገበያው አጠገብ ያለው አሮጌ ሲኒማ ቤት እየታደሰ ነበርና ባለቤቱ ጋሽ ይመር ፊልሙ የሚያርፍበትን መጋረጃ አዘዙኝ። ትእዛዙ አንድ ነው፤ ስፌት እንዳይኖረው።

ነገሩ የቆየ ነው። ጋሽ ይመር በወጣትነታቸው እዚሁ ደሴ ሲኒማ ቤት ትኬት ቆራጭ ነበሩ። አንድ አሮጌ ማሽን ገዝተው፣ መኪና እስከደረሰበት በመኪና፣ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ ላስታ አስገቡት። መጋረጃውን ከአባቴ ሱቅ ገዙ። በዚያን ጊዜ ሰፊ ወርድ ስላልነበረ አባቴ ሁለት ጣቃ አግድም አሰፍቶ «ከዚህ የሚሰፋው ሰማይ ብቻ ነው» ብሎ ሸጠላቸው። ስፌቱ ልክ መሀል ላይ ዋለ። ላሊበላ የደረሰ ተዋናይ ሁሉ ጠባሳ ነበረበት፤ ሲቀርብ አፍንጫው ላይ፣ ሲርቅ አንገቱ ላይ። ጀግናው በየት ይለይ፣ ወንበዴው በየት!

በደርግ ጊዜ አዳራሹ የስብሰባ ሆነ፤ ቀጥሎ የእርዳታ ስንዴ ተከማቸበት። ማሽኑ ዛገ፤ መጋረጃውን አይጥ በላው፤ የአባቴን ስፌት ግን አይጥም አልደፈረችው። መንግሥት ሲለወጥ ቤቱ ለባለቤቱ ተመለሰና ጋሽ ይመር በቴሌቪዥን ቪዲዮ ማሳየት ጀመሩ። አንድ ክረምት ጣሪያው ወረደ፤ ያም ቀረ።

ከሚሌኒየሙ ማግሥት ባሕር ዛፋቸውን ሸጠው ድንጋዩን መልሰው አስካቡ፤ ቆርቆሮ አለበሱት። የእህታቸው ልጅ ከአዲስ አበባ አዲስ ፕሮጀክተር ላከላቸው። ከክረምቱ ጀምሮ ግን ደረታቸውን ያማቸዋል። በስልክ «ሐኪም ይይዎት እንጂ ጋሼ» ብላቸው፣ እየሳሉ ሳቁብኝ።

«መጀመሪያ እኔ ፊት ልይ፤ ደረቱ ይደርሳል። ደምሴ፣ በገዛ ሲኒማዬ እኮ የሰው ፊት ሙሉውን አይቼ አላውቅም! እሱን አሳየኝና እንደፈቀደ ያድርገኝ።»

ጨርቁን መርካቶ አስፈልጌ አገኘሁት። ሐሙስ እደርሳለሁ አልኳቸው።

ጋሸና፣ ምሽት

የተሳፈርኩት በሰይድ አይሱዙ ነው። ሰይድ የደሴ ልጅ ነው፤ ሲሚንቶ ጭኖ ላሊበላ ይመላለሳል። ጥቅሉን አየና ሳቀ።

«ደምሴ፣ የምን ከፈን ነው ይሄን ያህል? አገር ሙሉ ልትቀብር ነው?»

«የሲኒማ ነው።»

«አቦ ተወኝ! አቡጀዲ ለብሶ የሚተኛ እንጂ ቆሞ የሚጫወት ሰው አላየሁም።»

ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ መርሳን እያለፍን ወልድያ ምሳ በላን። ረቡዕ ስለሆነ እኔ ሽሮ፣ እሱ ጥብስ። ደጋግሞ እየጎረሰ እኔን ያይ ነበር፤ ጎረቤትን በጥብስ መፈተን ደሴ ውስጥ ነውር አይደለም። ከድልብ በላይ ዳገቱን ስንጀምር ጎማ ፈነዳ። ትርፍ ጎማውም የተጣፈ ነበርና እስኪነፋ ቀኑ መሸ። ጋሸና ስንደርስ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ጋሸና የሾፌር ከተማ ናት፤ ወደ ላሊበላ የሚታጠፍ ሁሉ እዚህ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይጨቃጨቃል። አልጋ ሠላሳ ብር፣ ቁንጫው በነጻ። ጥቅሉን በላስቲክ አልብሼ ከጎኔ አስተኛሁት። አንሶላ የሌለው አልጋ ላይ ያን ሁሉ ነጭ ጨርቅ ታቅፌ ማደሬ አስቆኝ ነበር።

ላሊበላ፣ ሐሙስ ረፋድ

ከጋሸና በኋላ መንገዱ ጠጠር ነው። ገብሱ ቢጫ ሆኗል፤ ባቄላው ጠቁሯል። ከጥልቁ ሸለቆ ወጥተን ወደ ነአኵቶ ለአብ መገንጠያ ስንቃረብ ሴቶች በቡድን በቡድን ሲሄዱ አየን። እኔ ጨርቅ ነጋዴ ነኝና ከሰው በፊት የማየው ልብሱን ነው። የነጠላቸው ጥለት ተዘቅዝቆ ፊታቸው አጠገብ ወጥቷል። ሰይድ መኪናውን አቀዘቀዘ።

«እናቶች፣ ለቅሶ ነው?»

«ለቅሶ ነው ወንድምዓለም።»

«የማን?»

«የሲኒማው ይመር። ንጋት ላይ አለፉ።»

ሰይድ ወደኔ ዞሮ «አብሽር» አለ። ማርሽ ቀይሮ ፍጥነት ጨመረ።

ጥቅሉን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ግቢው ስገባ ሰው ሁሉ ተነስቶ መንገድ ለቀቀልኝ። ከሩቅ ስለመጣሁ የተከበርኩ መሰለኝ። ጨርቁን ነበር የሚጠብቁት። የጋሽ ይመር ባለቤት እትዬ እንጉዳይ ከደጃፉ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ የንስሐ አባታቸው ፊታቸው ቆመዋል።

«እንጉዳይ ልጄ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው» ይላሉ አባ። «ከገበያ የመጣው አቡጀዲ አለ፤ ሬሳ አያስጠብቅም።»

«ይኸው መጣ አባቴ።» ቀና ብለው አዩኝ። «ደምሴ፣ ደረስክ? እሱ ነው?»

«እሱ ነው እትዬ።»

«ቁረጠው።»

ምን እንዳሉ ገባኝ፤ ያልገባኝ ለመምሰል ሞከርኩ። ያ ጨርቅ እንዳይቆረጥ ብዬ ነው መርካቶን ያስበረበርኩት።

«እትዬ፣ ከተቆረጠ ለመጋረጃው አይበቃም። ሌላ ጨርቅ ይቀጠልበታል። ስፌት ይገባዋል... እሳቸው ደግሞ...»

«እኔ ነኝ ስፌቱን ሲረግሙ ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት፤ ለእኔ ትነግረኛለህ?» ድምፃቸው አልተነሳም። «ትናንት ማታ እንኳ ‹ደምሴ የት ደረሰ?› ሲሉኝ፣ ‹ጋሸና ነው የሚያድረው› አልኳቸው። ‹ጋሸና ብርድ ነው› አሉ። ከዚያ ወዲህ አልተናገሩም። ሳያዩት ከሄዱ ለብሰውት ይሂዱ። ስፌቱን እኛ እንችለዋለን።»

አባ አንገታቸውን ደፉ። መቀሴን አውጥቼ የሚቀበለኝ ስፈልግ፣ እትዬ «አንተው ቁረጠው፤ የፊተኛውም ከአባትህ እጅ ነው የመጣው» አሉኝ።

አቡጀዲ ሙሉውን በመቀስ አይቆረጥም። ጫፉን ነክተህ በሁለት እጅህ ትቀደዋለህ፤ ቀጥ ብሎ ይሄድልሃል። በቀን ስንት ጊዜ እንደምቀድ አላውቅም፤ ድምፁን ሰምቼው ግን አላውቅም ነበር። እዚያ ግቢ ውስጥ ሰማሁት። ለቅሶው የተነሳው ከዚያ ድምፅ ጋር ነው።

ሥልስት

ከቀብር መልስ ሰው የተቀመጠው በታደሰው አዳራሽ ነው። ድንኳን አላስፈለገም። ያው የሲኒማው አግዳሚ ወንበር፣ ያው ትከሻ ለትከሻ መጠጋጋት፤ ሁሉም ባዶውን ግድግዳ ያያል። አንድ ሽማግሌ ጎናቸው ላለው «ይመር ዛሬም ማሽኑን አዘገየው» አሉት። ሰው ሳቀ፤ ወዲያው አለቀሰ።

በሦስተኛው ቀን፣ ከሥልስቱ ጸሎት በኋላ፣ ገበያው ላይ ያለው ልብስ ሰፊ የተረፈውን ጨርቅ ለከፈን ከገበያ ከመጣው ጠባብ አቡጀዲ ጋር ገጠመው። ክሩን ለመደበቅ ሲጠበብ እትዬ እንጉዳይ ከለከሉት። መጋረጃው ሲሰቀል ስፌቱ መሀል ላይ አልነበረም። በቀኝ በኩል፣ ከላይ እስከ ታች ቁልቁል ወርዷል።

እትዬ ከፊት ወንበር ሆነው ብዙ አዩት።

«አሁን ፊት አይነካም» አሉ።

«አይነካም እትዬ። ከዚያ በኩል የሚገባ ተዋናይ ብቻ ተሻግሮት ይገባል።»

«ይሁን። እሳቸውን ሳይሳለም ማን ይገባል?»

ፕሮጀክተሩ ከነካርቶኑ ጥግ ላይ ነበር። ሳይፈታ አርባው እንዲያልፍ ተስማሙ።

ደሴ

የጨርቁን ሂሳብ ሊከፍሉኝ ሲሉ ሰይድ መኪናውን አስነሳልኝ፤ ሰይድ አንዳንዴ ነገር ይገባዋል። ወልድያ አድረን፣ በማግሥቱ ደሴ ገባን። ሸዋ በር ጭጋግ ነበር።

በእኛ ሥራ አቡጀዲ ለሚገዛ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን ጉዳይ ነው?» የሚል ነው። ለሽፋን ከሆነ ይሄ ወርድ፣ ለፍራሽ ከሆነ ያኛው። ከአባቴ የተማርኩት ነው፤ ነጋዴን አዋቂ ያስመስለዋል። በተመለስኩ ማግሥት አንዲት ሴትዮ መጥታ ነጩን በጣቷ አሳየችኝ። አፌ ላይ የደረሰውን ጥያቄ ዋጥኩት። ክንዴን ዘርግቼ ለካሁና፣ ከለካሁት ትንሽ አልፌ ቀደድኩላት።