ኮምፒውተሩ ለምን እንደሚቆም አውቅ ነበር

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ ነፍሱን ይማርና ሁሉን ነገር ነግሬዋለሁ፤ ይህን ግን አልነገርኩትም። በየዓመቱ ፋሲካ ሲደርስ ከአባ ፊት እንበረከካለሁ። ቁጣዬን ተናዝዣለሁ፣ ሐሜቴን ተናዝዣለሁ፣ ከእህቴ ጋር በመሬት መኳረፌን ተናዝዣለሁ። ይህን ግን ምላሴ ሥር ይዤው ወጥቻለሁ። አባ «ሌላስ?» ሲሉኝ «ይኸው ነው፣ አባ» እላለሁ። ይኸው ብቻ አልነበረም። እንግዲህ ዛሬ እናንተ የምታነቡት ስሙኝ።

የሠራሁት ይህ ነው፦ አንዲት ልጅ ባላጠፋችው ጥፋት ከሥራዋ ስትባረር ጥፋቱ የማን እንደሆነ አውቄ ዝም አልኩ። ዝም አልኩ ብቻ ብል ውሸት ይሆናል። በእጄ ሠራሁት፤ በየቀኑ ደግሜ ሠራሁት።

ሆሳዕና ውስጥ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። መንግሥት ከተለወጠ አሥር ዓመት ግድም ሆኖት ነበር። ከደርግ ጀምሮ በጽሕፈት መኪና የመታሁ ሴት ነኝ፤ ኮሪደሩ ላይ የሚያልፍ ሰው ድምፁን ሰምቶ ማን እንደሚጽፍ ያውቃል። ከዚያ ኮምፒውተር መጣ። ማንም አላስተማረኝም፣ ራሴ ተማርኩት። ኃላፊያችን አቶ ላምቤቦ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር «ወላንሳ ኮምፒውተሩን እንደ በቆሎ ትወቃዋለች» ማለት ይወድ ነበር። እንግዳው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያን ሳቅ አልረሳሁለትም፤ ዛሬም አልተውኩለትም።

ኮምፒውተሩን እንደ ልጅ ነበር የያዝኩት። ለስክሪኑ፣ ለኪቦርዱና ለፕሪንተሩ አበባ የተጠለፈበት ልብስ ሰፋሁ። ጠዋት ሥራ ስንጀምር እነዚህ ይነሣሉ። ከጠረጴዛው ሥር ላለው የኮምፒውተሩ ሣጥን ደግሞ ገበር ያለው፣ ከአናቱ እስከ ወለሉ በአራቱም ጎን የሚወርድ ልብስ ሰፋሁለት። ማብሪያው ጋ ብቻ ቀዳዳ ስለተውኩ እሱ አይነሣም። በእኛ አገር ዋጋ ያለው ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም፤ ቴሌቪዥኑም ሬዲዮውም ይለብሳል። ያየ ሁሉ «እጅሽ ይባረክ» አለኝ።

አስቴር የመጣችው ከሺንሺቾ ነው። ኮምፒውተር የተማረች፣ ቀጭን፣ ፈጣን፣ መዝሙር እያንጎራጎረች የምትሠራ ልጅ። በሙከራ ነበር የተቀጠረችው። የሙከራ ጊዜዋን ካለፈች ቋሚ ትሆናለች፣ ካላለፈች ሻንጣዋን ይዛ ወደ መጣችበት። አባቷ እንደሞተ፣ ቤቱ እሷን እንደሚጠብቅ ነግራኛለች። አላውቅም ነበር ለማለት እንዳልችል ነው ይህን የምጽፈው።

በመጣች በሳምንቷ፣ ለዝውውር ጉዳይ ከጊምቢቹ የመጡ መምህራን በመስኮቱ ተኮልኩለው እያዩ፣ ኪቦርዱን ስመታ ከኋላዬ ቆማ «እትዬ፣ ቀስ አድርገው ቢነኩትም ይሰማል እኮ» አለችኝ። በትሕትና ነበር። አንዱ መምህር ግን «ጆሮ አለው ማለት ነው? እኛን የማይሰማን ታዲያ ለምንድን ነው?» አለና ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች። ለዚህ ነው ወይ ያን ሁሉ ያደረግሽው ትሉኛላችሁ? አዎ፣ ለዚህ ነው። ትንሽ ነገር መሆኑን ከእናንተ በፊት አውቄዋለሁ።

ሰኔ ላይ፣ የመምህራን ዝውውር ዝርዝር ሊዘጋጅ ሲል፣ አስቴር የኮምፒውተሩን ፕሮሰሰር ቀየረችው። አሮጌውን አውጥታ ከአዲስ አበባ የመጣውን ፈጣኑን አስገባች። የማሽኑ አንጎል እሱ ነው ብላ ስታሳየን ሁላችንም አንገታችንን አስግገን አየን። ሲበራ በረረ! ቡና የምናፈላበትን ጊዜ ይወስድ የነበረው ዝርዝር ዓይን ሳንጨፍን ተከፈተ። አቶ ላምቤቦ አጨበጨበላት። ክዳኑን ዘጋች። እኔም ልብሱን አለበስኩት።

ከሰዓት በኋላ መንቀራፈፍ ጀመረ። ፊደሉን እመታለሁ፣ ፊደሉ ቆይቶ ይመጣል። ከዚያ ሃንግ አደረገ፤ ባለበት ደርቆ ቆመ። እንደገና ሲበራ ሚሞሪ እንዳነሰው የሚናገር ጽሑፍ አወጣ። አስቴር ጽሑፉን አመነች፤ ማን አያምንም? ሚሞሪውን፣ ራም የሚሉትን ትንሽ ሰሌዳ፣ ነቅላ ጫፉን በላጲስ ጠረገችው። ቦታውን አቀያየረችው። የማያስፈልገውን ፕሮግራም ሁሉ አጠፋች። ከሌላ ክፍል ተጨማሪ ራም ለምና ጨመረች። ለመፈተሽ ልብሱን አንሥታ፣ ክዳኑን ከፍታ ስታየው ደህና ነው፣ ይበራል። ዘግታ ስትወጣ እኔ አለብሰዋለሁ። ሰዓት ሳይሞላ ይቆማል።

አቶ ላምቤቦ ትዕግሥቱ አለቀ። «አንቺ ስትኖሪ ይሠራል፣ ስትሄጂ ይቆማል» አላት። «ባለሙያ ነሽ ወይስ ባለ ዛር?» ቢሮው በሳቅ ተናጋ። በዚያ ቤት ሁልጊዜ የሚሳቅበት ሰው ይፈለግ ነበር፤ ተራው ከእኔ ወደ እሷ ተላልፎ ማየት ደስ አለኝ። አስቴር ፕሮሰሰሩን በጥጥ ጠቅልላ ከመናኸሪያ በመጀመሪያው አውቶቡስ አዲስ አበባ ሄደች። የሸጡላት ሰዎች መርምረው «ደህና ነው» ብለው መለሷት። ደህና ነበር። እውነታቸውን ነው።

በዚህ መሃል አንድ ዓርብ ልብሱን ላጥበው ወደ ቤት ወሰድኩት። ክረምት ነውና ሰኞ ጠዋትም ገና እርጥብ ነበር። ሣጥኑ ራቁቱን ዋለ። እንዴት ያለ ቀን ነበር! ጻፍኩ፣ አላቆመም። ትልቁን ዝርዝር ከፈትኩ፣ አላቆመም። አተምኩ፣ አላቆመም! ከሰዓት ላይ የወደቀ ወረቀት ላነሣ ጎንበስ ስል ከሣጥኑ ጀርባ የሚወጣው ነፋስ እጄን መታው። የሚያቃጥል ነፋስ ነው። ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ።

ማክሰኞ የደረቀውን ልብስ ይዤ ገባሁ። አለበስኩት፤ ተንቀራፈፈ። አነሣሁት፣ ትንሽ ጠበቅኩት፤ በረረ። እንደገና አለበስኩት፤ ቆመ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሦስቱንም ጊዜ ያው ሆነ! አሮጌው ፕሮሰሰር ብዙም አይሞቅም ነበር። አዲሱ ግን ይግላል፣ እኔ ደግሞ መተንፈሻውን በጥልፍ ደፍኜበታለሁ። በሆሳዕና የክረምት ብርድ፣ ሁላችን ጋቢ ደርበን በተቀመጥንበት ቢሮ፣ ማን ሙቀት ይጠረጥራል? እኔ ጠረጠርኩ! የተማረችው ያላገኘችውን፣ የአዲስ አበባዎቹ ያላገኙትን፣ በቆሎ ወቂዋ አገኘሁት። መዝለል አማረኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ራሴን አዋቂ አድርጌ አይቼ አላውቅም። ከሁሉ የከፋው ኃጢአቴ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ያ ደስታ እስከ ዛሬ ሳስበው ይጣፍጠኛል።

በዚያው ሰዓት አስቴር ዣንጥላዋን እያራገፈች ገባች። ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«እትዬ፣ ዛሬስ እንዴት ነው?»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። እውነቴን ነው፣ ከፈትኩ። ከዚያ የመስኮቱ ሳቅ ትዝ አለኝ።

«እንደ ልማዱ ነው» አልኳት።

ስትወጣም ልብሱን መልሼ አለበስኩት። አውቄ አለበስኩት። ከዚያን ቀን በፊት ያለበስኩት ባለማወቅ ነው፣ እግዜርም አይጠይቀኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን በየጠዋቱ ጫፉን እያስተካከልኩ፣ ጀርባውን እየደፈንኩ ያለበስኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ። እኔ ነኝ።

የዝውውሩ ዝርዝር ዘገየ። መምህራኑ ዝናብ እየመታቸው አጥር ሥር ቆመው ጮኹ። ከዚያ ግምገማ ተጠራ። የዚያን ዘመን ግምገማ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ትናንት አብሮህ ምሳ የበላ ሰው ዛሬ እጁን አውጥቶ ጉድህን ይዘረዝራል። አስቴር መሃል ላይ ተቀመጠች። አቶ ላምቤቦ ወደ እኔ ዞሮ «ወላንሳ፣ አንቺ ነሽ ከማሽኑ ጋር የምትውዪው፣ ተናገሪ» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ሊሰሙኝ ዝም አሉ። እጄን አወጣሁ። «ፕሮሰሰሩ ከመቀየሩ በፊት አንድ ቀን ቆሞ አያውቅም» አልኩ። «ከተቀየረ ወዲህ ግን በየቀኑ ትከፍተዋለች፣ በየቀኑ ይቆማል።» ሁለቱም እውነት ናቸው። ውሸት ሳልናገር ልጅ መግደል እንደሚቻል ያን ቀን ተማርኩ። አስቴር ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ «እትዬ ያሉት ልክ ነው» አለች። ልክ ነው አለች!

የስንብት ደብዳቤዋን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጸሐፊዋ እኔ አይደለሁ? የሙከራ ጊዜዋን በብቃት ማነስ እንዳላለፈች የሚገልጽ አንድ ገጽ። አቶ ላምቤቦ ከበላዬ ቆሞ ቶሎ ይድረስ ይል ነበር። ኮምፒውተሩ መሃል ላይ እንዳይቆምብኝ ጎንበስ አልኩና ልብሱን አነሣሁት። አዎ፣ አነሣሁት። የእሷን ደብዳቤ ለመጻፍ አነሣሁት። ማሽኑም አንዴ ሳይደናቀፍ አትሞ አወጣው።

ከሄደች በኋላ ልብሱን ለሣጥኑ መልሼ አላለበስኩትም፤ ቤት ወስጄ ትራስ አደረግኩት። ኮምፒውተሩም ከዚያ በኋላ አልቆመም። ሰዉ ሁሉ «ያቺ ልጅ ስትሄድ ዳነ» አለ። እጇ ከባድ ነው አሉ። አቶ ላምቤቦ በስብሰባ ላይ «ወላንሳ ባትኖር ምን ይውጠን ነበር?» ብሎ አመሰገነኝ። ያን ምስጋና ለዓመታት ስጠብቀው ነበር። ሲመጣ ግን በአንዲት ልጅ እንጀራ ላይ ተቀምጦ መጣ፤ እኔም ተቀበልኩት።

ይህ ሁሉ አንድ ጥፋት ነው ብትሉ፣ ሁለተኛ አለኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ መናኸሪያ ቆሜ ከኋላዬ «እትዬ ወላንሳ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አስቴር ናት። ወፍራለች፣ ልጅ አዝላለች። አቅፋ ሳመችኝ። ሺንሺቾ አንድ ጤና ጣቢያ መዝገብ ቤት እንደምትሠራ፣ ካርድ ስታወጣና ስትመልስ እንደምትውል ነገረችኝ።

«ኮምፒውተሩስ?» አልኳት።

«ተውኩት እኮ። ከዚያ በኋላ ከፍቼ አላውቅም፤ የነካሁት ሁሉ የሚበላሽ ይመስለኛል።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እትዬ፣ ያ ማሽን ግን ምን ሆኖ ነበር? ራሙ ነው? የገጠምኩበት መንገድ ነው? እስከ ዛሬ እየተነሣሁ አስበዋለሁ።»

መልሱ አፌ ውስጥ ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ያ ሁሉ ዓመት አልፎ፣ ጡረታ ወጥቼ፣ የምፈራው አለቃ ሳይኖር፣ ምን አልኳት መሰላችሁ?

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ» አልኳት።

ልጄ አልኳት።

አቶ ላምቤቦ ስቆብኝ ስለነበር ነው ብዬ አላመካኝም፤ የእሱን ከእሱ ጋር እንተሳሰባለን። መምህራኑም፣ ዘመኑም፣ ግምገማውም አላስገደዱኝም። ይቅርታም አልለምንም፤ ይቅርታ የሚለምን ሰው የሚሰጠውን እያሰበ ነው። ይህን ጽሑፍ ሁለት ቅጂ አዘጋጅቻለሁ። አንዱን እናንተ እያነበባችሁት ነው። ሌላው ነገ ሺንሺቾ ይሄዳል፤ ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ባታነብ እንኳ ይህችን እንድታነብ መጨረሻው ላይ ለብቻዋ አስቀምጫታለሁ፦

አስቴር፣ ሚሞሪው ደህና ነበር። ፕሮሰሰሩን በትክክል ገጥመሽዋል። የአንቺ እጅ ምንም አላበላሸም።