ጨው ገባ!

መብራት ሳጠፋ "ጠፋ!" ብዬ እጮኻለሁ። አብረውኝ የሚሠሩት "ሰምተናል!" ካላሉኝ ሽቦ አልነካም፤ አለቀ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ይስቅብኛል። "ጋሼ፣ እኛስ እሺ ሰማን፣ ጎረቤቱ ምን በደለ?" ይለኛል። ይሳቅ። ይህን ሁሉ ዘመን ኤሌክትሪክ ስሠራ አንድም ሰው እጄ ላይ አልተጎዳም። "ለመሆኑ የት ተማርከው?" ይሉኛል። "ባልትና ክፍል" ስላቸው ደግሞ ጭራሽ ሆዳቸውን ይዘው ይንከተከታሉ።

እውነቱ ግን እሱ ነው። ያስተማሩኝ የትምህርት ቤታችን የባልትና አስተማሪ ናቸው፤ ተማሪው ሁሉ በሌሉበት "እትዬ ጨው ገባ" የሚላቸው። ባለፈው ሰሞን ልጃቸው ደውላ "ወንድሜ፣ መጥተህ የእማዬን ምድጃ መስመር ቁረጥልኝ" ስትለኝ የያዝኩት ካቻቢቴ ከእጄ ወደቀ። የእሳቸውን ምድጃ! እኔ!

ለምን እንደደነገጥኩ እንዲገባችሁ ስለዚያ ክፍል ላውራችሁ። ከትምህርት ቤቱ እቃ ቤት ጀርባ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ረጅሙ ጠረጴዛ በቢላ ብዛት መሀሉ የጎደጎደ፣ የጋዝ ምድጃው አንድ እግሩ በጡብ የተደገፈ። ሽርጣችን ከዱቄት ከረጢት የተሰፋ ነው። የእኔው ሆዴ ላይ "የተጣራ" የሚል ጽሑፍ ነበረበት፤ ስንቱን ቀለዱብኝ መሰላችሁ! ሽንኩርትና ሳሙና አንድ ላይ ከሸተተኝ ዛሬም ልጅ እሆናለሁ።

ወንዱም ሴቱም እኩል ነበር የሚማረው። አባቴ ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። "ወንድ ልጄን ማማሰያ ልታስይዙት ነው?" እያለ ክፍላችን ድረስ መጣ። እትዬ አልተከራከሩትም። ሽርጥ አሰሩለትና ቢላና ድንች ሰጡት። "አረፍ ብለው እየላጡ ይንገሩኝ" አሉት። አባቴ እየተቆጣ ላጠ። ሲጨርስ ልጣጩን አንስተው እያገላበጡ አዩት።

"ጌታዬ፣ ድንቹን የገዙት ለልጣጩ ነው እንዴ?"

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አባቴም ሳቁን መያዝ አቃተውና ከእኛው ጋር ሾርባ ጠጥቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ስትታመም ምሳ የምንሠራው እኔና እሱ ሆንን፤ ልጣጩም እየሳሳ መጣ።

እኔን "ችኩሌ" ይሉኝ ነበር። ዘይቱ ሳይግል ሽንኩርቱን፣ ውሃው ሳይፈላ ሩዙን የምከት ነኛ! "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፣ ችኩሌ" ይሉኛል። እውነትም ስለቅም ነበር የምውለው።

ታዲያ አንድ ጊዜ ወላጆች ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ ሲመጡ በትልቁ ድስት የምስር ሾርባ ሠራን። እትዬ እንግዳ ለመቀበል ወጣ እንዳሉ አንዷ ጨው ጨመረችና ዝም አለች። ሌላው ጨው የተረሳ መስሎት ጨመረ፤ እሱም ዝም። ሦስተኛዋም፣ ሌሎቹም እንደዚያው። እትዬ ተመልሰው ሲቀምሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ጨው የጨመረ ማነው?"

ሁላችንም መሬት መሬቱን አየን። ቆይቶ አንድ እጅ ወጣ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ግማሽ ክፍሉ። አለቀልን ስንል እሳቸው በሳቅ ፈነዱ።

"ጉድ በሉ! ሙያ በልብ ነው ብላችሁ ነው? እሱን እቤታችሁ! በእኔ ክፍል ሙያ በአፍ ነው። ጨው የጨመረ 'ጨው ገባ!' ይበል፤ የሰማ 'ሰምተናል!' ይበል። ድስት የሚያበላሸው ጨው አይደለም፣ ዝም ያለ ሰው ነው።"

ከዚያ ሾርባውን በየድስቱ አካፈልነው። ለእያንዳንዱ ስንት ውሃ፣ ስንት ምስር እንደሚጨመር ሰሌዳ ላይ አሠሩን። ክፍልፋይ የሚባለው ነገር የገባኝ ያን ቀን ነው። ብሳሳት የምበላው እኔው ነኝ፤ ለምን አይገባኝ! እንግዶቹ ጠግበው ተርፎ ዘበኛው በባልዲ ወሰደ። ያ ክፍል ዛሬ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ሆኗል አሉ። ምን ያደርጋል፤ ስሰማ አንጀቴ ነው ያረረው።

ልጃቸው ቤት ስደርስ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። ዓይኗ አብጧል።

"እማዬ ትረሳለች" አለችኝ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "እሳቱን እስካሁን አልረሳችም፤ እሱንም እንዳትረሳ እፈራለሁ። ጨውን ግን ትጨምራለች፣ ትረሳለች፣ ደግሞ ትጨምራለች። ልጆቼ መብላት አቃታቸው። ትናንት ሳህኑን ሲገፉት አይታ 'ምነው?' አለች። ሁላችንም ዝም አልን። እራቷን ሳትበላ ተኛች። እንዲህ ከምታፍር፣ ምድጃው ተበላሽቷል ብንላት ይሻላል።"

"ማብሰሉን ከወሰድንባቸው ምን ይቀራቸዋል?" አልኳት።

"እኔስ ይህ የጠፋኝ መሰለህ?" አለችና እንባዋ መጣ።

 የብሬከር ሳጥኑ ኮሪደሩ ላይ፣ ከኩሽናው በር ፊት ለፊት ነው። ከፈትኩት። እትዬ ጀርባቸውን ሰጥተው ያማስላሉ። ያ ሰፊ ትከሻ የት ሄደ? የምስር ሾርባ ነው፤ ሽታውን የት አባቴ እረሳዋለሁ። ኮቴዬን ሰምተው ዞሩና ትንሽ ቆይተው ፊታቸው በራ።

"ችኩሌ! እጅህን ታጥበሃል?"

"ታጥቤያለሁ፣ እትዬ" አልኩ። የት ታጥቤ!

ወደ ድስቱ ተመለሱ። ጨው ቆንጠር አድርገው ጨመሩና አማሰሉ። በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። ከዚያ እጃቸው እንደገና ወደ ጨው ዕቃው ሄደ። ልጃቸው ፊቷን አዞረች። የእኔ ጣት ማጥፊያው ላይ ነበር።

"ጨው ገባ!" ብዬ ጮኽኩ።

እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

"ሰምተናል!" አሉ። የክፍላችን ድምፅ ነው፤ እሱ አላረጀም። የጨው ዕቃውን ከደኑና ትክ ብለው አዩኝ። "የጨመረው ማነው?"

"እርስዎ ነዎት፣ አሁን።"

ድስቱን አዩት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ታዲያ እስከዛሬ አፍ አልነበራችሁም? ድስት ሲበላሽ እየታየ ዝም ይባላል?"

ልጃቸው ሮጣ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እኔም መስመሩን አልቆረጥኩም። ምድጃው ሲበራ ሳሎን ውስጥ አብራ የምትበራ አንዲት ቀይ አምፖል ዘረጋሁና ወጣሁ፤ እሳቱን ቤተሰቡ ሁሉ እንዲጠብቀው።

አሁን ብቅ ባልኩ ቁጥር የልጅ ልጆቻቸው በተራ ኩሽና ቆመው "ጨው ገባ!" ሲሉ እሰማለሁ። ከሁሉ ቀድመው የሚመልሱት እትዬ ናቸው። አንዳንድ ቀን "ችኩሌ" ማለቱ ይጠፋባቸውና "አንተ ልጅ" ይሉኛል። 

ባለፈው እሁድ ሾርባው ቀረበ። እትዬ አንድ ማንኪያ ቀመሱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁላችንም ማንኪያችንን እንደያዝን ቀረን።

"የሠራችው ማናት?" አሉ። "እጇ ይባረክ። ባለሙያ ናት።"

 ልጃቸው እኔን አየች፣ እኔም እሷን። ትንሿ የልጅ ልጃቸው ናት አፍ ያወጣችው።

"አንቺ ነሽ እኮ፣ አያቴ!"

እትዬ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

"እኔ? ታዲያ እሱንም ጮክ ብላችሁ ንገሩኝ እንጂ!"

ጮኽንላቸው።