የፊት እግር

ሳዑዲ፣ ደማም፣ የመጀመሪያው ኢንዱስትሪ ከተማ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ባለ ጋራዥ የመኪና እግር እሠራ ነበር። እግር የምንለው ሞላውን፣ ክንዶቹን፣ ጎማውን የሚሸከመውን ሁሉ ነው። ጋራዡ የካፊሌ፣ ቪዛ ልኮ ያስመጣኝ አሠሪዬ ነው። ፓስፖርቴም እሱ ካዝና ውስጥ ነው። ኹሩጅ፣ የመውጫ ፈቃዱን ማለት ነው፣ ካልፈረመልኝ ከአገሩ መውጣት አልችልም። ልጄን አራስ ቤት ጥያት ወጥቼ አራት ዓመት ሞላኝ፤ የማያት በኢሞ ብቻ ነው።

ካፊሌ ከአባቱ የወረሳት አሮጌ የአሜሪካ መኪና አለችው። ቆማ ስትታይ ታምራለች፤ መንገድ ላይ ግን እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች። ልሂድ ብዬ ስለምነው፣ «ያ ሙሃንዲስ፣ እሷ ቀጥ ብላ ስትሄድ አንተም ትሄዳለህ። ኸላስ!» አለኝ። ኸላስ በዓረብኛ «አለቀ» ማለት ነው፤ እንዲያ ሲል ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ለሚስቴም ደውዬ «አለቀ» አልኳት።

አዲሱ የፊት እግር ከአሜሪካ በሣጥን መጣ። የድሮው ብሎን ዝጎ አልፈታ ብሎኝ በእሳት እያጋልኩ ፈታሁት። የታመቀውን ሞላ ሳወጣ አምልጦ ፊቴን እንዳይመታኝ ትንፋሼን ውጬ ነበር።

በዚያው ሰሞን አብሮኝ የሚሠራ የወሎ ሰው የደንበኛ ሞተር አበላሸ። ካፊሉ ደሙ ፈላ፤ በሳምንቱ ኹሩጁን ፈርሞ አባረረው። አዘንኩለት። እሱ ግን ሻንጣውን እየዘጋ፣ «ወንድሜ፣ አንድ ብሎን አላልተህ ተዋት። አንተንም ያባርርሃል» አለኝ። ተናደድኩበት። ሙያዬን የሰደበኝ መሰለኝ።

የመጨረሻዋ ብሎን ላይ ስደርስ የወሎው ሰው ምክር ትዝ አለኝ። ቁልፉን ይዤ ብዙ ቆየሁ። እጄ እምቢ አለኝ፤ ጥርቅም አድርጌ አሰርኳት።

ካፊሉ በመኪናዋ ጎረቤት ከተማ ኹበር ደርሶ ተመለሰ። መሪውን ለቆ ሲነዳ እንኳን ቀጥ ብላ እንደሄደች እየሳቀ ነገረኝ። «ይስለም ኢዴክ!» አለኝ፤ እጅህ ይባረክ እንደማለት ነው። ኹሩጁን አስታወስኩት።

«ይሄን የመሰለ እጅ ሰድጄ ማንን ላመጣ ነው? ገና የኋላ እግሯ አለ። ኸላስ!»

ያንኑ ቃል ነው የደገመው። ማልቀስ አማረኝ።

ማታ ሚስቴ በኢሞ፣ «ሥራው አላለቀም እንዴ?» አለችኝ።

«አልቋል» አልኳት። «አሳምሬ ጨረስኩት።»