ሁለቴ የዞረው አውሮፕላን

ባለፈው ሐምሌ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደመናው ጣና ላይ ተኝቶ ነበር፤ ውኃውና ሰማዩ አይለዩም። ልጄ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እየመጣች ነው። እናቴን ግን "የምትመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው" ብዬ ዋሽቻታለሁ።

ያለ ምክንያት አልዋሸሁም። አባቴ ውጭ አገር ለሥልጠና ሄዶ ሲመለስ፣ የተሳፈረበት አውሮፕላን በዝናብና በጉም መሐል ሊያርፍ ሲወርድ ከተራራ ጋር ተጋጭቶ ተከሰከሰ። ያን ሳምንት የስምንተኛ ክፍል ፈተና ላይ ነበርሁ። እናቴ መርዶውን ሰምታ ሦስት ቀን ደበቀችኝ። ጎረቤቱን ሁሉ እንዳይነግሩኝ አስማለች፤ ሬዲዮኑን "ተበላሽቷል" ብላ ሣጥን ውስጥ ቆለፈችው። ጠዋት ጠዋት ፀጉሬን አበጥራ ወደ ፈተናው ትሸኘኛለች። እኔ ደግሞ አባቴ ስለሚያመጣልኝ ጫማ አወራላታለሁ። ያ ጫማ ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም ያናድደኛል። ፈተናውን አለፍሁ፤ እሷን ግን ይቅር አላልኋትም።

የአውሮፕላኑ ድምፅ መጣ። ዝቅ ብሎ በቤታችን አናት ላይ አለፈ፤ አይታይም። ራቀ። ተመልሶ መጣና እንደገና ራቀ፤ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። የልጄ ስልክ ዝግ ነው። አውሮፕላን ውስጥ ስልክ እንደሚዘጋ አጥቼው አይደለም፤ መደወሌን ግን አልተውሁም። ግቢ ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ደግሞ ወጣሁ። እናቴ ምስር እየለቀመች ነው። ሬዲዮኗን ከመስኮቱ አንስቼ በጋቢዬ ሸፈንሁት።

"ወዴት ትወስጅዋለሽ?" አለችኝ።

"ባትሪ ድንጋዩ አልቋል እማዬ፤ ልቀይርልሽ ብዬ ነው።"

ሰፌዱን መሬት አስቀመጠች። "ሁለቴ ዞረ፤ ሰምቸዋለሁ። ልጅቱ እዚያ ውስጥ ናት?"

ጋቢውን ገልጬ ሬዲዮኑን መስኮቱ ላይ መለስሁት።

"ነይ ቁጭ በይ። ያን ጊዜ ሦስት ቀን ብቻዬን ይዤው ከረምሁ። አንቺ አትሞክሪው።"

አጠገቧ ተቀመጥሁ፤ እጄን ያዘችኝ። አንድ ሰዓት ያህል እንደተያያዝን ቆየን።

ስልኩ ጮኸ። አንድ እጄን እናቴ ስለያዘችው ድምፁን ከፍ አድርጌ ጭኔ ላይ አስቀመጥሁት።

"እማ፣ ደመናው አላሳርፍ ብሎን አዲስ አበባ ተመልሰናል። ደህና ነኝ" አለች ልጄ። "ለእማማ ግን እንዳትነግሪያት፤ ትደነግጣለች።"

እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ እያለቀሰች ነው። እጄን አልለቀቀችም።

"እሺ" አልሁ፤ "አልነግራትም።"