«እፎይ አልኩ» ያሉኝ መምህር

ሱፐርቪዥን ሲባል እኛ የምናውቀው ቼክሊስት ይዞ መጥቶ መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው ነበር። ስለዚህ በየወሩ ከአዲስ አበባ እየመጡ ሥራዬን የሚከታተሉ ትልቅ ሐኪም ሲመደቡልኝ፣ የታካሚዎቼን ካርድ ሁሉ አስተካክዬ ጠበቅኳቸው። ሴትዮዋ ካርዶቹን አልነኳቸውም። «እስቲ ስለ አንዱ ታካሚሽ ንገሪኝ» ብቻ አሉኝ።

የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። አምቦ ውስጥ፣ መርፌ ከሚወጋበት ክፍል አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ሰዎችን በንግግር አክማለሁ። ከነሱ አንዱ በየሐሙሱ ከእጃጂ በሚኒባስ የሚመጡ፣ ጡረታቸው የተቃረበ መምህር ነበሩ። እንዳይታወቁ ጥቂት ነገር ቀይሬ ልንገራችሁ። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሏቸዋል። አምስት ሳምንት ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ በቆሎው፣ ስለ መንገዱ ሲያወሩኝ ከረሙ። በስድስተኛው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ እያሽከረከሩ፣ «ሲስተር፣ አባቴ የሞተ ዕለት እፎይ አልኩ» አሉ።

እኔስ ምን አደረግሁ? «አይዞዎት፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኩና ሩብ ሰዓት እየቀረን ቀጠሮ ጽፌ ሸኘኋቸው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ቀሩ። በሌላኛውም ቀሩ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር እሳቸው እየመሰሉኝ ቀና እል ነበር። ራሳቸውን ጎድተው ይሆን እያልኩ እሰጋ ነበር። ስልክ ለመደወል እንኳ ፈራሁ።

ሐኪሟ ሲመጡ ይህንን ነገርኳቸው፤ ቶሎ ማስነሳቴን ግን ዘለልኩት።

«ያንን ሲሉሽ ምን ተሰማሽ?» አሉኝ።

«ምንም። አዘንኩላቸው።»

«ከዚያስ?»

ከዚያ የሆነውን ተናገርኩ። ቁጣ ስጠብቅ፣ ቀስ ብለው «ምን አስቸኮለሽ?» አሉኝ።

ያኔ እናቴ ትዝ አለችኝ። ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ነበረች። ከታላቅ እህቴ ጋር እየተፈራረቅን እናገላብጣት፣ እናጥባት ነበር። ያረፈች ለታ፣ ለቀስተኛ ሳይሰበሰብ፣ በልቤ «ተገላገልኩ» አልኩ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእሳቸው ነገርኳቸው፤ ስናገር እንባዬ ቀደመኝ።

እስክረጋጋ ጠበቁኝ። «ይሄ የራስሽ ነው፤ ለብቻው የምታወሪው ሰው እንፈልግልሻለን» አሉ። «መምህሩ ግን የተናገሩትን ተሸክመው ተመልሰዋል። አሁኑኑ ደውይላቸው። የሆነውንም አትሸፋፍኚ።»

ደወልኩ። ኔትወርኩ ሦስቴ ተቆረጠ። በአራተኛው «አካም ጅርቱ፣ ሲስተር!» ብለው በአፋን ኦሮሞ ሰላም አሉኝ። ደህና ነበሩ።

«እኔ እኮ ያስቀየምኩሽ መስሎኝ ነው የቀረሁት» አሉኝ።

ሐሙስ መጡ። «ባለፈው ሳይጨርሱ ያስነሳሁዎት ክፉ ነገር ተናግረው አይደለም» አልኳቸው። «የሰማሁት ለእኔም ከብዶኝ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ አማርኛውን ትተው በአፋን ኦሮሞ ጀመሩ። በልጅነታቸው በአለንጋ ይገርፏቸው የነበሩትን አባት፣ በእርጅናቸው እንደ ሕፃን አጥበው፣ አጉርሰው፣ አንድም ቀን ደከመኝ ሳይሉ እንደቀበሯቸው ነገሩኝ። በቀብሩ ላይ ያልወጣ እንባ ያን ቀን ወጣ። እኔም ሰዓታችን እስኪያልቅ አብሬያቸው ተቀመጥኩ።

እንቅልፋቸው ወዲያው አልተመለሰም። ክረምቱን ሙሉ ተመላለሱ። ትምህርት ተከፍቶ ጥቂት እንደቆየ ግን፣ «ትናንት ደብተር ሳርም እንቅልፍ ይዞኝ ጭልጥ! ሚስቴ ናት የቀሰቀሰችኝ» ብለው ሳቁ።

በዚያው ሰሞን ባኮ ለምትኖረው እህቴ ደወልኩና ስለ እማዬ በልቤ ያልኩትን ነገርኳት። ልትረግመኝ ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«አንቺዬ» አለችኝ፣ «እኔ ብቻ መስሎኝ እኮ ነበር!»

ስንስቅም ስናለቅስም ብዙ ቆየን።